ከተረከዝ የተወሰደች የደም ጠብታ ለወላጅ ምን ትላለች?

ነገሩ የተጀመረው በጠረን ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ቦርግኒ ኤገላንድ የምትባል እናት ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ታላቋ ሴት፣ ታናሹ ወንድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ሲወለዱ ምንም የጎደላቸው ነገር አይታይም ነበር። ጊዜው ሲገፋ ግን ሴቷ አፏን የምትፈታበት ዕድሜ አለፈ። ወንዱ ደግሞ አራት ዓመት እየተጠጋው እንኳ አይራመድም፣ አይናገርም። እናትየው የሐኪም ደጅ ጠናች። የረባ መልስ የሰጣት አልነበረም። እሷ ግን አንድ ነገር አስተውላለች፦ የልጆቿ ሽንት የሻገተ ነገር የሚመስል ጠረን አለው። ይህንኑ ደጋግማ ትናገራለች፤ ከቁም ነገር የሚቆጥርላት ግን አልተገኘም።

በ1934 ጉዳዩ አስቢዮርን ፎሊንግ ዘንድ ደረሰ። ፎሊንግ ሐኪም ከመሆኑ በፊት ኬሚስት ነበር፤ ዕድል ማለት ይሄ ነው። ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ አደረገበት። ይህ በዚያን ጊዜ ለስኳር ሕመምተኞች የሚደረግ የተለመደ ሙከራ ነው፤ ቀለሙ ወይ ባለበት ይቆያል ወይ ወደ ቀይነት ያደላል። የነዚህ ልጆች ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ፎሊንግ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ምናልባት የመድኃኒት ውጤት እንዳይሆን ብሎ፣ እናትየው ለልጆቿ የምትሰጠውን መድኃኒት ሁሉ እንድታቆም ነገራትና እንደገና ሞከረው። አሁንም አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ እሷ ሽንት በሊትር እየለካች ታመላልሳለች፣ እሱ ውስጡ ያለውን ነገር ነጥሎ ለማውጣት ይታገላል። በመጨረሻ ፌኒልፓይሩቪክ አሲድ የሚባል ነገር ሆኖ አገኘው። በየተቋሙ ይኖሩ የነበሩ 430 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሽንት ሲመረምር፣ ሌሎች ስምንት ሰዎች ላይ ያንኑ አረንጓዴ ቀለም አየ።

ዛሬ ሕመሙ ፌኒልኬቶኑሪያ፣ በአጭሩ ፒኬዩ ይባላል። የምንበላው ፕሮቲን ሲፈጭ ከሚወጡት አሚኖ አሲዶች አንዱ ፌኒልአላኒን ነው። የብዙዎቻችን ጉበት ትርፉን የሚለውጥ ኢንዛይም አለው። በፒኬዩ ልጅ ላይ ግን ይህ ኢንዛይም አይሠራም፤ ፌኒልአላኒኑ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ሄዶ ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ልጁ ሕመሙን የሚወርሰው ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸውን ዘረመል አንድ አንድ ሲቀበል ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ በዘራቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም።

እና ቦርግኒ ምን አገኘች? ለዓመታት ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ መልስ አገኘ። መድኃኒት ግን አልነበረውም። ልጆቿ ምን እንደሆኑ በዓለም ላይ ከሁሉ ቀድማ ያወቀች እናት ሆነች፤ ያወቀችው ግን ልጆቿን አላዳነላትም።

እንዲህ ዓይነት ዜና እንዴት እንደሚነገር ሌላ እናት ጽፋልናለች። አሜሪካዊቷ ደራሲ ፐርል በክ በ1938 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች ናት። በ1920 ቻይና ውስጥ የወለደቻት ልጇ ካሮል እንደ እኩዮቿ አላደገችም። እናትየው ልጇን ይዛ ከሐኪም ሐኪም ስትዞር ቆይታ አሜሪካ ሚኒሶታ ወደሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ዋናው ሐኪም ተስፋ በሚሰጥ አነጋገር አለሳልሶ ሸኛት። ከክፍሉ ስትወጣ ግን ሌላ ሐኪም ኮሪደር ላይ ጠብቆ አስቆማት፤ ልጅሽ መቼም ቢሆን እንደ ሌሎች ልጆች አትሆንም፣ ተስፋ አድርገሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ የሚል መልእክት ፊት ለፊት ነገራት። ፐርል በክ ይህን ታሪክ በ1950 ባሳተመችው መጽሐፍ ስትተርክ፣ ለዚያ ሰው ያላት ስሜት ምሬት ሳይሆን ምስጋና ነው። የካሮል ሕመም ፒኬዩ መሆኑ የታወቀው ልጅቷ አዋቂ ሰው ከሆነች በኋላ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ያ ኮሪደር ነው። ውጤቱ ለሁለቱም ሐኪሞች አንድ ነበር፤ የተለያየው አነጋገሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ፣ ወደ በርሚንግሃም እንሂድ። ዓመቱ 1951 ነው። ሆርስት ቢከል የሚባል ወጣት ሐኪም ሁለት ዓመት ገደማ በሆናት ሺላ ላይ ፒኬዩ እንዳለባት አወቀ። ሺላ መቆም አትችልም፣ መናገር አትችልም፣ ታለቅሳለች፣ ጭንቅላቷን ትመታለች። ቢከል ለእናትየው መድኃኒት እንደሌለው ነገራት። እናትየው ግን እሺ ብላ አልሄደችም። በየጠዋቱ ከላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ትጠብቀዋለች፤ ለልጄ መፍትሔ መቼ ነው የምታገኘው ትለዋለች። ሰውየው በመጨረሻ ሥራውን ጀመረ ማለት ይቻላል፤ ሳትለቀው ስለቀረች።

ቢከልና ባልደረቦቹ ጆን ጄራርድና ኤቭሊን ሂክማንስ፣ ሉዊስ ዉልፍ ካመጣው ሐሳብ ተነስተው፣ የወተትን ፕሮቲን ሰባብረው በከሰል በማጣራት ፌኒልአላኒን የሌለው ምግብ አዘጋጁ። ሺላ ያንን መመገብ ከጀመረች በኋላ በወራት ውስጥ ለውጥ መጣ። መዳህ ጀመረች፣ ዓይኗ ሰው ማየት ጀመረ፣ ወንበር ላይ መውጣት ቻለች። ከዚያ ሐኪሞቹ አንድ ነገር አደረጉ። ለውጡ በእርግጥ ከምግቡ የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ለእናትየው ሳይነግሩ ምግቡ ውስጥ ፌኒልአላኒን መልሰው ጨመሩበት። ልጅቷ በሰዓታት ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ በማግሥቱ መቆም እንኳ አቃታት። እናትየው ምን እንደተፈጠረ አታውቅም። በኋላ ሙከራውን ሆስፒታል ውስጥ በእናትየው ፈቃድ ደገሙት። ውጤቱ በ1953 ታተመና ፒኬዩ በምግብ ሊታከም እንደሚችል ዓለም አወቀ። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ያቺ እናት በዚያች ሌሊት ምን አስባ እንዳደረች ግን የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ሺላ ተሻላት እንጂ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ አንጎሏ ቀድሞ ተጎድቷል። ምግቡ በደንብ የሚሠራው ልጁ ገና ምንም ሳይሆን ከተጀመረ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ምንም ያልሆነ ልጅ እንዴት ይታወቃል?

ይህን የፈታው ሮበርት ጋትሪ ነው። ጋትሪ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በባፋሎ ከተማ በካንሰር ላይ ይመራመር የነበረ ሰው ነው። አንዱ ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት፤ መንስኤው ፒኬዩ አይደለም። በ1958 ደግሞ የሚስቱ እህት ልጅ በ15 ወሯ ፒኬዩ እንዳለባት ታወቀ። ዘገየ። ጋትሪ የሠራው ዘዴ በርካሽነቱና በብልሃቱ ደስ ይላል። ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ በወፍራም መጣጭ ወረቀት ላይ ይወሰዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የተዘራበት ጄል አለ፤ ጄሉ ውስጥ የባክቴሪያውን እድገት የሚያፍን ኬሚካል ተጨምሯል። ፌኒልአላኒን በብዛት ሲኖር ግን አፈናው ይሸነፋል። ስለዚህ ከደረቀው ደም የተቆረጠች ክብ ወረቀት ጄሉ ላይ ትቀመጥና ይጠበቃል፤ በዙሪያዋ ባክቴሪያው ክብ ሠርቶ ካደገ፣ ያ ደም ፌኒልአላኒን በዝቶበታል። ክቡ በሰፋ ቁጥር መጠኑም ይበልጣል። ወረቀቷ ስለደረቀች በተራ ፖስታ ትላካለች፤ አንድ ላቦራቶሪ የአንድ ክፍለ ግዛትን ሕፃናት በሙሉ ማየት ይችላል።

ማሳቹሴትስ በ1962 ምርመራውን ጀመረች፤ በ1963 ደግሞ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በ29 ክፍላተ ግዛት 400 ሺህ ገደማ ሕፃናት ተመረመሩ። በርካታ ሐኪሞች መንግሥት በሥራችን አይግባ ብለው ተቃውመዋል። የገፋው የወላጆች ማኅበር ነው። በ1961 ማኅበሩ ባሳተመው ፖስተር ላይ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ሁለቱም ፒኬዩ አለባቸው። ታላቋ ዘግይቶ ስለታወቀላት ተጎድታለች፤ ታናሿ ግን ወዲያው ስለታወቀላት እንደማንኛውም ልጅ እያደገች ነው። ከዚህ ሥዕል በኋላ ማን ሊከራከር ይችላል?

እዚህ ላይ ግን ብዙም ሳይታወቅ አንድ ነገር ተገለበጠ። ቦርግኒም፣ ፐርል በክም፣ የሺላ እናትም ልጃቸው አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃሉ፤ መልስ ፍለጋ የወጡት እነሱ ናቸው። ከጋትሪ በኋላ ግን ወላጅ አይጠይቅም። ልጁ ጡት ጠብቶ ተኝቷል፣ ገንፎው ተገንፍቷል፣ ዘመድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል መጥቷል። ስልኩ የሚጮኸው በዚህ መሃል ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ።

መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ መልስ አይደለም። እስቲ በምሳሌ እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። 100 ሺህ ሕፃናት ተመረመሩ እንበል፤ ከነሱ ውስጥ 10ሩ ብቻ ሕመሙ አለባቸው። ምርመራው በጣም ጎበዝ ነው፤ አሥሩንም ይይዛል። ከጤነኞቹ ላይ የሚሳሳተው ከ1,000 አንዴ ብቻ ነው። ስንት ቤት ስልክ ይደወላል? ለ10ሩ ሕመምተኞች፣ በተጨማሪም ለ100 ያህል ጤነኞች። ስለዚህ ስልኩ የተደወለላቸው ከ110 ወላጆች 100ዎቹ ጤነኛ ልጅ ነው የታቀፉት። ምርመራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ ነው። የልየታ ምርመራ እንደ ወንፊት ነው፤ እንዳያመልጠው ብሎ አብዝቶ ይይዛል፣ ከዚያ ሁለተኛ ምርመራ ያጣራል። ሐኪሙ ይህን ያውቃል። በሦስተኛ ቀኗ ላይ ያለች አራስ ግን የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

የእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። «ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል አስቡት። የኤችአይቪ ዘመን ያሳደገው ሰው ቃሉን ሲሰማ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በአገራችን የጨቅላ ሕፃናት የደም ልየታ ገና አልተለመደም፤ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በእስራኤል የምትወልድ እናት ግን የልጇ ተረከዝ ሲወጋ ታያለች፣ ስልኩም ሊደወልላት ይችላል። «የመጀመሪያው ምርመራ አጠራጥሮናል፣ ድጋሚ ማየት አለብን» ማለት ረዘም ይላል። ግን እውነቱም እሱ ነው።

ጉዳቱን ሳይንቲስቶች የተገነዘቡት ቀስ ብለው ነው። በ1964 ግሪንና ሶልኒት የተባሉ ሐኪሞች አንድ ነገር ጻፉ፦ ይሞታል ተብሎ የተፈራለት ልጅ ከዳነም በኋላ ወላጆቹ እንደ ተሰባሪ ዕቃ መያዛቸውን አይተዉም፤ ይህም ልጁን ይጎዳዋል። በ1968 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ፒኬዩ ተጠርጥሮባቸው በኋላ ነጻ የተባሉ ሕፃናት ወላጆች ላይ ያዩትን ጭንቀት ራሱን የቻለ ስም ሰጡት፤ ሐኪም ያመጣው ችግር ብለው ጠሩት። በስዊድን በ1980ዎቹ በታይሮይድ ምርመራ በስሕተት የተጠረጠሩ ሕፃናት ያሏቸውን 102 ቤተሰቦች ያጠኑ ሰዎች ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ፣ ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ያልለቀቃቸው ወላጆች ነበሩ። ልጁ ጤነኛ ነው ተብሏል፣ ወረቀቱም አለ። ሲያስነጥስ ግን ያ ስልክ ይታወሳል።

ሕመሙ እውነት ሆኖ ሲገኝስ? የሚገርመው፣ ፒኬዩ ላይ ወላጅ የሚይዘው ነገር አለው። ሚዛን ይገዛል፣ ይመዝናል፣ ይመዘግባል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት የለም፤ የእናት ጡት እንኳ በመጠን ነው። የጾም ምግብ ያድነናል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ ሁሉም ፕሮቲን ናቸው፣ ጤፍም አለበት። ፕሮቲኑን የሚተካው ጠረኑ የማይማርክ ልዩ ዱቄት ነው። በዚህ ላይ አያት አለች። ልጅ አላድግም ካለ የሚያበላው የጠፋ የሚመስላት፣ አንድ ጉርሻ ምን ታደርጋታለች የምትል አያት። ልጁ ጤነኛ የሚመስለው ምግቡ ስለሠራ ነው፤ ጤነኛ ስለሚመስል ደግሞ ምግቡ አላስፈላጊ ይመስላል። ብዙ ወላጆች ከዘመድ ጋር የሚጋጩት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ወላጆችን ያሳሳታቸው ሳይንሱ ራሱም ነበር። መጀመሪያ ላይ አንጎል ካደገ በኋላ ምግቡን ማቆም ይቻላል ተብሎ ስለታሰበ ብዙ ልጆች ገና በልጅነታቸው አቆሙ። እነዚያ ሴቶች ልጆች አድገው ሲያረግዙ፣ ራሳቸው ደህና ሆነው ሳለ፣ በደማቸው ያለው ፌኒልአላኒን ሕመሙ የሌለበትን ፅንስ እንደሚጎዳ ታወቀ። በ1980 ስለ ብዙ እርግዝናዎች የወጣ ጽሑፍ ችግሩን ግልጽ አደረገው፤ ክሊኒኮችም የድሮ ታካሚዎቻቸውን ለመፈለግ ተነሱ። አልቋል የተባለው ውጤት ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ በር አንኳኳ።

ሁሉም ውጤት ግን የሚይዙት ነገር ይዞ አይመጣም። የማጭድ ቅርጽ ያለው የደም ሕዋስ በሽታ ምሳሌ ነው። ኒውዮርክ በ1975 ጨቅላዎችን መመርመር ጀመረች፤ ግን ለወላጁ ምን አድርግ ይባላል? በ1986 ፔኒሲሊን በየቀኑ ለሕፃናቱ መስጠት ገዳይ ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ ታየ፤ ያኔ ነው ውጤቱ ፋይዳ ያገኘው። በዚያው ምርመራ ግን ዘረመሉን ብቻ የተሸከሙ፣ የማይታመሙ ልጆችም ይታወቃሉ። «ተሸካሚ» እና «ታማሚ» ተምታቱ፤ የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ራሱ እስከ 1981 ድረስ ተሸካሚ ወጣቶችን አይቀበልም ነበር። አካዳሚው ከተምታታበት አንድ ወላጅ ቢምታታበት ምን ይገርማል?

የመጨረሻው ታሪክ የስዊድን ነው፤ እኔን እስከዛሬ ያከራክረኛል። ከ1972 እስከ 1974 ስዊድን 200 ሺህ ጨቅላዎችን አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ለሚባል የፕሮቲን እጥረት መረመረች። እጥረቱ ያለበት ሰው ሲጋራ ካጨሰ ሳንባው ገና በጎልማሳነቱ ሊበላሽ ይችላል። ከባዱ ዓይነት 120 ሕፃናት ላይ ተገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወላጆች ቀድመው ካወቁ ልጁን ከጭስ ይጠብቁታል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከወላጆቹ ብዙዎቹ ክፉኛ ተጨነቁ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይተውም ያልለቀቃቸው ነበሩ። ቤት ውስጥ ሲጋራ ይቆማል የተባለውም እንደታሰበው አልሆነም። ጭንቀቱ ስለበዛ ምርመራው ተቋረጠ፤ ለወላጅ የሚነገር ነገር ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ማሳያ ሆኖ በየመማሪያው ይጠቀሳል።

ተመራማሪዎቹ ግን ልጆቹን መከታተላቸውን አልተዉም። ልጆቹ 18 እና 20 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ስለ ሲጋራ ጠየቋቸው። ከእኩዮቻቸው ያነሰ ያጨሱ ነበር።